ፊደሉን ማን ያስቆጥር?

አንድ ሕፃን «ሀ» ብሎ ሲጀምር አጠገቡ ሰው መኖር አለበት ወይ? ጥያቄው የሞኝ ይመስላል። ባገራችን ልማድ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ባለበት ሁሉ የሚያስቆጥር ሰው አለ፤ የኔታ ከሌሉ ዲያቆኑ፣ ዲያቆኑ ከሌለ ታላቅ ወንድም፣ እሱም ከሌለ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ያነበበች እናት። «ፊደል ቆጠረ» የሚለው ግስ ብቻውን አይቆምም፤ «አስቆጠረ» የሚል ሌላ ግስ ከጎኑ ይከተለዋል። እነሆ አሁን ግን ያስቆጣሪውን ቦታ ልውሰድ የሚል እንግዳ መጥቷል። እንግዳው ሰው አይደለም። መዳፍ በምታህል ስልክ ወይም ከጥቁር ሰሌዳ በምታንስ ታብሌት ውስጥ እየዘፈነ፣ እያጨበጨበ፣ ኮከብ እየሸለመ ፊደል የሚያስለይ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው።

ስለ ኮምፒውተር ሲነሣ ወይ ማወደስ ወይ ማውገዝ ልማዳችን ሆኗል። አንዱ ወገን «ዓለም የት ደረሰ!» እያለ ያጨበጭባል፤ ሌላው «ልጆቻችንን አጠፋብን» እያለ ያዝናል። ሁለቱም ከጥያቄው ይሸሻሉ። ጥያቄው «መሣሪያው ያስተምራል ወይስ አያስተምርም?» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያ ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም የሕሊና ጥያቄ ነው። መምህር ለሌለው ሕፃን በመምህር ፈንታ ጨዋታ መስጠት ቸርነት ነው ወይስ ከግዴታ መሸሻ?

ነገሩን ከደመና አውርደን መሬት እናስይዘው። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ከግርጌው ድብ ባሕርን ያገኛል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቀደዱት ይህ መንገድ አልፎ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይዘልቃል። መንገድ ዳር ያለው ልጅ መኪና ሲወጣና ሲወርድ እያየ ያድጋል፤ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ከገደሉ ሥር የተወለደው ግን ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚተማመነው በእግሩ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ውጊያው በዚሁ መንገድ መጣ። እሱ ጋብ አለ ሲባል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አራቀ። «መምህር ይሻላል ወይስ ጨዋታ?» የሚለው እንግዲህ የከተማ ሰው ጥያቄ ነው። የነዚህ ልጆች ጥያቄ «ጨዋታ ይሻላል ወይስ ምንም?» የሚል ነው። ማንኛውም ክርክር ይህን ጥያቄ ሳይዘል ማለፍ አለበት።

በመጀመሪያ ለእንግዳው የሚገባውን እንስጠው። ከነዚህ ጨዋታዎች በአማርኛም ከተዘጋጁት አንዱ «ጭራቁን መግበው» ልንለው የምንችለው ነው። ጨዋታው የተወለደው የኖርዌይ መንግሥት ከጦርነት ለሸሹ የሶርያ ልጆች ባዘጋጀው ውድድር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአሸናፊዎቹ አንዱ ሆነ፤ ኋላም ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተመለሰ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ጭራቅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ድምፅ ይሰማል፤ ሕፃኑ ያንን ድምፅ የሚወክለውን ፊደል ከተደረደሩት መካከል መርጦ በጣቱ እየጎተተ ያጎርሰዋል። ከተሳካ ጭራቁ ይደሰታል፤ እየበላም ያድጋል። ከተሳሳተ አይቀበልም፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ፊደል ማጉረስ! ከእንጀራ ጋር ላደገ ሕፃን ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

እንደ እውነቱ ከሆነ የዚህ ጨዋታ ብልሃት ለኛ አዲስ አይደለም። የቀድሞ መምህራን አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ሕፃን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» እያለ ዜማውን በቃሉ ይይዝና ዓይኑ ፊደሉን ሳያይ አፉ ይሮጣል። ስንጥሩ «መ» ላይ ቆሞ እያለ አፉ «ሙ» ላይ ይደርሳል። ለዚህ መድኃኒት ያበጁለት አቡጊዳን ነው። በአቡጊዳ ተራው ይናጋል፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» ተብሎ ፊደሉ በአግድሞሽ ይነበባል፤ ዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። የኮምፒውተሩ ጨዋታ ፊደላቱን እያዘበራረቀ ሲያቀርብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የአንድምታ ትርጓሜን ላይ ቤትና ታች ቤት ብሎ የለየው የጎንደር ሊቅም ትምህርቱን የጀመረው ከዚሁ ከአቡጊዳ ነውና፣ ብልሃቱ በታብሌት ስለመጣ ብቻ ልንንቀው አይገባም።

ሌላም ምስጋና አለው። ጨዋታው አይደክመውም። ልጁ መቶ ጊዜ ቢሳሳት መቶ ጊዜ ይደግምለታል። አይገርፍም፤ አይቆነጥጥም፤ «አንተ ደደብ» አይልም። ስለ ቀድሞው ትምህርት ቤት ስናወራ ልምጩንና ኩርኩሙን እየረሳን ዜማውን ብቻ የምናስታውስ ከሆነ ራሳችንን እንሸነግላለን። ፊደል እንድትቆጥር ከየኔታ ዘንድ የተላከች ሴት ልጅም ጥቂት እንደነበረች አንርሳ። ታብሌቱ ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ አይጠይቅም። «እቤት ሥራ አለብሽ» ለተባለች ልጅ፣ ማታ ከሥራ በኋላ የሚከፈት ትምህርት ትንሽ ነገር አይደለም።

መኪና ስለሆነ ብቻ የምንጠላው ከሆነም አንድ የቆየ ታሪክ ያስጠነቅቀናል። ግሪካዊው አፍላጦን «ፌድሮስ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ መምህሩን ሶቅራጥስን ስለ አንድ የግብፅ ንጉሥ ያናግረዋል። ንጉሡ ጽሕፈት እንደተፈለሰፈ ሲነገረው አልተደሰተም፤ ጽሕፈት ሰዎችን ያዘነጋል፣ ዕውቀት ሳይሆን የዕውቀት ጥላ ይሰጣል አለ። ሶቅራጥስም ይጨምርበታል፤ የተጻፈ ነገር ጥያቄ ቢጠይቁት ሁልጊዜ ያንኑ ይመልሳል። ዛሬ ስለ ኮምፒውተር የምንሰማው ወቀሳ ያኔ በራሱ በፊደል ላይ ተሰንዝሮ ነበር ማለት ነው። ይህን ወቀሳ እንኳ የምናውቀው ተጽፎ ስለቆየ ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያን በመሣሪያነቱ መክሰስ አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት በመሣሪያው መምጣት ማን ከቦታው ተነሣ የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በኦሮሚያ ክልል በሁለት ሥፍራዎች፣ በወንጪና በወለንጪቲ፣ ትምህርት ቤት ላልነበራቸውና የተጻፈ ነገር አይተው ለማያውቁ ሃያ ሃያ ያህል ሕፃናት የታሸጉ ታብሌቶች አደለ። አስተማሪ አልተላከም። ትእዛዝም አልተሰጠም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ውጤቱን ለዓለም ሲናገር ብዙዎችን አስደነቀ። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ልጅ ካርቶኑን መክፈት ብቻ ሳይሆን ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት ነበር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን የታብሌቱን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የነዚህ ሕፃናት ብልህነት ኩራታችን ነው። «የገጠር ልጅ ምን ያውቃል» ለሚል ሁሉ መልስ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች እንቅልፍ ይነሣሉ። አንደኛው ይህ ነው። ከልጆቹ አንዱ የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ በራሱ ጣት አንድ ቃል ጻፈ። ቃሉ «ላየን» የሚል ነበር፤ በእንግሊዝኛ አንበሳ ማለት ነው። ልጁ ያደገው ኦሮምኛ በሚነገርበት አካባቢ ሲሆን፣ አንበሳ በናቱ ቋንቋ «ሌንጫ» ነው። ይህ ልጅ በሕይወቱ የጻፈውን የመጀመሪያ ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ቢገባ እናቱ ምን ትለዋለች? ቃሉን አታውቀውም፤ ፊደሉንም አታውቀውም። ጎሽ ትለው ይሆናል፤ ነገር ግን ጎሽ ያለችው ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅ።

እዚህ ላይ «የኔታስ ልጁ የማይሰማውን የግዕዝ ዳዊት ያስነብቡት አልነበረም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። ዳዊት የሚደግም ልጅ ቃሉን ባይተረጉመውም፣ አያቱ ያንኑ መዝሙር ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሰምተውታል፤ ቄሱ ቢሳሳት ያርሙታል፤ መንደሩ ያ ቃል ምን እንደሚያህል ያውቃል። ቋንቋው ከአፉ ቢርቅም ከሰፈሩ አልራቀም። የታብሌቱ ልጅ ቃል ግን ከሰማይ የወረደ ነበር፤ በመንደሩ ውስጥ ወላጅ አልነበረውም።

እንቅልፍ የሚነሣው ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ ወደነዚህ ሥፍራዎች ይመጣ ነበር። የሚመጣው ከታብሌቶቹ ውስጥ ሚሞሪውን አውጥቶ ሌላ ለመተካት ነው። በሚሞሪው ላይ እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደነካ፣ መቼ እንደነካ ተመዝግቧል። ተመራማሪ ይህን ማድረጉ ነውር አይደለም፤ ሥራው ነው። ነገር ግን ሥዕሉን አስቡት። ከልጆቹ ትምህርት ጋር ጉዳይ ያለው፣ የተማረ አንድ ሰው በየሳምንቱ እመንደሩ ይደርሳል፤ የመጣውም ልጁ ምን እንደተማረ ለማወቅ ነው፤ ሆኖም ልጁን «እስቲ አንብብልኝ» ሳይል የሚሄድበት አሠራር ተዘረጋ። ጣቱ ተመዘገበ፤ ድምፁን ግን ማንም አልጠየቀው።

«ያለ መምህር አይሆንም» ብሎ መደምደም ግን ከእውነት ጋር ያጋጫል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታወጀውና «ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ» የተባለው የ15 ሚሊዮን ዶላር ውድድር የተፈተነው በታንዛኒያ ነው። በታንጋ አካባቢ ወደ 170 በሚጠጉ መንደሮች ለሦስት ሺህ ያህል ሕፃናት በስዋሂሊ የተዘጋጁ ጨዋታዎችና ትምህርቶች በታብሌት ተሰጡ። ከመጀመሩ በፊት ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት ልጆች አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ከ15 ወር በኋላ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። «ኪትኪት ስኩል» እና «ዋንቢሊየን» የተባሉት ሁለት ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ2019 ዋናውን ሽልማት ተካፈሉ። ግማሹ ገና አላነበበም ማለት ነው፤ ያነበበው ግማሽ ግን ከዜሮ ተነሥቶ አነበበ። ይህን ውጤት ማጣጣል ለነዚያ ልጆች ክብር መንሣት ነው።

ሁለት ነገሮችን ግን ልብ እንበል። የታንዛኒያው ትምህርት ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ ነበር። በየመንደሩም ታብሌቶቹን የሚጠብቁና በፀሐይ ኃይል የሚያስሞሉ እናቶች ተመድበው ነበር። እናቶቹ መምህራን አልነበሩም። ነገር ግን ልጅ ታብሌቱን ሲወስድና ሲመልስ የሚያየው ሰው ነበር። መሣሪያው ብቻውን ሠራ ስንል እነዚህን ሴቶች ከሥዕሉ ውስጥ እየቆረጥን እናወጣለን።

መሣሪያውን ብቻ አምነው የተጓዙት ደግሞ ምን እንዳገኙ ታይቷል። ፔሩ ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፖችን ለተማሪዎቿ ገዛች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው በ319 ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት በሂሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ የታየ ለውጥ አላገኘም። የኛም አገር ሰው በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት አይረሳውም። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር፤ መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በቀረው ጊዜ ከተማሪው ጋር አብሮ ተመልካች ሆነ። «አልገባኝም» ብሎ እጁን ለሚያወጣ ልጅ መስኮቱ አይቆምለትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። በቀድሞው ትምህርት አንድ ትልቅ ቃል አለ፤ «ማሰማት» የሚል። ልጁ ቁጥሩን፣ ግዕዙን፣ ውርዱን፣ ቁሙን ንባብ ያጠናና መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ያሰማል። ትምህርቱ የሚያልቀው ልጁ ሲያውቅ ሳይሆን ሲሰማ ነው። ንባብ ማለት ከዓይን ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ሌላ ሰው ጆሮ የሚሄድ ነገር ነበር። ጭራቁ ግን አፍ እንጂ ጆሮ የለውም። እሱ ይናገራል፤ ልጁ ይነካል። አንድ ሕፃን 231ዱን ፊደላት ከዳር እስከ ዳር አጉርሶ ሲጨርስ አንዲት ድምፅ እንኳ ከአፉ ሳትወጣ ሊጨርስ ይችላል። ፊደል ለይቷል፤ አንብቧል ማለት ግን ይከብዳል።

በአንድ ወቅት ድብ ባሕር ላይ መኪና እስኪነሣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ያየሁትን እዚህ ላይ ልጥቀስ። ስድስት ዓመት ቢሆናት የማይበልጣት ልጅ የአጎቷን ስልክ ይዛ በፊደል ጨዋታ ተጠምዳለች። ጎበዝ ናት፤ ጣቷ ይፈጥናል። ድንገት ቀና ስትል ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈውን «ቡና» አየች። «ቡ!» አለች ጮክ ብላ። ጨዋታው ውስጥ ያለው ፊደል ከጨዋታው ውጭም እንዳለ ያየችው ያኔ መሆን አለበት፤ ፊቷ በራ። ወደ አጎቷ ዞራ «ይኸ ቡ ነው አይደል? ቀጥሎ ያለውስ ምንድነው?» አለችው። አጎቷ ከሰው ጋር ወሬ ይዟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስልኩን ያህል ነገር ሰጥቷታል። ሳያያት «ተጫወቺ፣ ተጫወቺ» አላት። እሷም ወደ ስልኩ ተመለሰች። «ና» ከግድግዳው ላይ ሳይነበብ ቀረ።

ጉዳቱ ያለው እዚህ ነው እላለሁ። ጨዋታው ልጅቷን አልበደላትም፤ እንዲያውም «ቡ»ን የሰጣት እሱ ነው። ጉዳቱ ትልቁን ሰው ማሰናበቱ ነው። ስልኩን ስንሰጥ የሰጠን ብቻ ሳይሆን የከፈልን ይመስለናል፤ ከልጁ ጋር ያለን ሒሳብ የተዘጋ ይመስለናል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሲመጣ ትርፍ ይሆንብናል። አንድ አጎት በአንድ ሻይ ቤት ያደረገውን ደግሞ አንድ መንግሥት ወይም አንድ ድርጅት ለአንድ ወረዳ ሊያደርገው ይችላል። «ታብሌት ልከንላቸዋል» ይባላል፤ ፋይሉ ይዘጋል።

ስለ ፊደላችን ጠባይም አንድ ነገር እናክል። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ይባስ ብሎ «ሃ»ም ከ«ሀ» አይለይም። «ሰ»ና «ሠ»፣ «አ»ና «ዐ»፣ «ጸ»ና «ፀ» እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ ጨዋታው «ሃ» የሚል ድምፅ አሰምቶ አራቱን ቢደረድርና ልጁ «ሐ»ን ቢያጎርስ ምን ይባላል? በጆሮው ልክ ነው፤ በመኪናው መዝገብ ግን ስሕተት ሊሆን ይችላል። ልጁ የተሳሳተበትን ምክንያት አያገኘውም፤ ምክንያቱ ድምፁ ውስጥ የለምና። የጥንት መምህር ለዚህ መፍትሔ ነበረው። «ሃሌታው ሀ»፣ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ»፣ «እሳቱ ሰ»፣ «ንጉሡ ሠ» እያለ ለፊደሉ የቤት ስም ያወጣለታል። ልጁም ፊደል ድምፅ ብቻ ሳይሆን የዘር ታሪክ እንዳለው ይረዳል። «ለምን?» ቢል ደግሞ «እንዲህ ስለተባለ ነው» የሚል፣ ላለውም ኃላፊ የሆነ ሰው ከፊቱ አለ።

«ገና» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ላልቶ ከተነበበ «ገና አልደረሰም» ይሆናል፤ ጠብቆ ከተነበበ በዓሉ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። አንባቢው የሚያውቀው ከአረፍተ ነገሩ፣ ከወሬው፣ ከወራቱ ነው። ማንበብ እንግዲህ ምልክትን ከድምፅ ማዛመድ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ሲነጋገሩ በሚኖሩበት ዓለም ውስጥ መግባት ነው። ወደዚያ ዓለም የሚያስገባ በር ፊደል ነው፤ በሩን ጨዋታ ሊከፍተው ይችላል። ከውስጥ ሆኖ «ግባ» የሚል ሰው ግን ያስፈልጋል።

«ነገ መኪናው ይሰማል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የሰው ድምፅ የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ፤ አማርኛም ቀስ በቀስ እየገባላቸው ነው። «ቡና» ስትል «ልክ ነሽ» የሚላት ስልክ ሩቅ አይደለም። እኔም ቢመጣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን መሰማት ማለት ድምፅ መለየት ብቻ ነውን? ልጅ «ይኸ ቡ ነው አይደል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው መልሱን ብቻ አይደለም። የደረሰበት ነገር ሌላውም የሚኖርበት መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል። «አዎ፤ እኔም የማየው ቡ ነው» መባል ይፈልጋል። መኪናው «ልክ ነሽ» ሊል ይችላል፤ «እኔም አየዋለሁ» ለማለት ግን የሚያየው ግድግዳ፣ የሚጠጣው ቡና የለውም።

ስለ ሽልማቱም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የታተመ የታወቀ ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ለሥዕላቸው ሽልማት እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ሲሸለሙ፣ ኋላ ሽልማቱ ሲቀር የመሣል ፍላጎታቸው ከሌሎቹ አንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። በኮከብና በጭብጨባ ፊደል የለየ ልጅም ኮከብ የማይሰጥ መጽሐፍ ፊቱ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? ፍትሕ እንሥራ ከተባለ ግን ልምጭም የውጭ ሽልማት ነው፤ በመገልበጥ የተሰጠ ሽልማት። ፈርቶ ያነበበ ልጅ ልምጩ ሲቀር ንባቡን የጣለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የንባብ እውነተኛ ሽልማት ግን አንድ ነው፤ የማታውቀውን ነገር ከወረቀት ላይ ራስህ አንሥተህ ለሌላ ሰው መንገር። ይህን ሽልማት የሚሰጥ ሌላ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያ ከባድ ጥያቄ እንመለስ፤ «ከምንም ይሻላል» ወደሚለው። ከገደሉ ሥር ያለች እናት እንዲህ ልትለኝ ትችላለች። «ያንተ ልጅ መምህርም ታብሌትም አለው። ለኔ ልጅ መምህር የለም፤ አሁን ደግሞ ታብሌቱ ጆሮ የለውም ብለህ እሱንም ልትከለክለኝ ነው?» ይህች እናት ትረታኛለች። መርሕን ለመጠበቅ ሲባል ሕፃንን ከፊደል ማራቅ ጭካኔ ነው። ለልጁ ሲባል ከምንም ይሻላል፤ አከተመ።

ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በአንዱ አፍ እውነት ሆኖ በሌላው አፍ ሐሰት ሊሆን ይችላል። «ከምንም ይሻላል» እናትየዋ ስትለው እውነት ነው፤ እሷ ያንን «ምንም» አላመጣችውምና። ሹሙ፣ ለጋሹ፣ ታጣቂው፣ እኛም ጸሐፊዎቹ ስንለው ግን ሌላ ይሆናል። ያ «ምንም» እንደ ሊማሊሞ ገደል ከፍጥረት የተገኘ አይደለም። ትምህርት ቤት የተዘጋው ሰው ስለዘጋው ነው፤ መምህሩ የሄደው ሰው ስላስፈራው ወይም ደመወዙ ስላላኖረው ነው። «ምንም» ባለቤት አለው። ባለቤቱ ራሱ ተነሥቶ «ከምንም ይሻላል» ሲል፣ ዕዳውን እንደ ስጦታ እያቀረበ ነው። ቸርነትና ሽሽት የሚለዩት በሚሰጠው ዕቃ ሳይሆን ከሰጡ በኋላ በሚቀረው የዕዳ ስሜት ነው እላለሁ። ታብሌቱን ሰጥቶ «መምህሩን ደግሞ እያመጣሁ ነው» የሚል ቸር ነው፤ ሰጥቶ የሚያርፍ ሸሽቷል።

መምህሩ እስኪመጣስ? እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከነግዴታውና ከነወቀሳው፣ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን የንባብ ሽልማት አግኝቷል። ያስተማሩት ሁሉ መምህራን አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ትናንት ፊደል የለዩ ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርቱ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ለማስቆጠር ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ መቀመጥና መስማት ያስፈልጋል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅትም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን ያገኘው፣ ከካልሲ በተሠራች ቀጭኔ አማካይነት በልጁ ቋንቋ የሚናገር ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ ቤተሰብ አብሮ ሊያየው ይችላል። ታብሌት ግን አንድ ልጅ ጭኑ ላይ አድርጎ ብቻውን የሚያጎነብስበት ዕቃ ነው። አብሮ ለማየት ሆን ብሎ ጠጋ ማለትን ይጠይቃል።

ስለዚህ ጨዋታውን ለሚሠሩት የምለው አለኝ። በልጁ ቋንቋ ሥሩት። «ሐ»ን ላጎረሰ ልጅ «ስሕተት» ከማለት «ይኸም ሀ ይባላል፤ ሐመሩ ነው» በሉት። የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበረ አስታውሳችሁ ያለ መስመር የሚሠራ አድርጉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየመሐሉ ጨዋታው ራሱን ያቁም፤ «አሁን ይህን ቃል ቤት ላለ ሰው አንብብለት» ይበል፤ ከዚያም ዝም ይበል። የሚታወቅበትን ቦታ የሚለቅ መሣሪያ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ለሹሙ የምለው አጭር ነው፤ ታብሌት የተዘጋ በር አይከፍትም። ለወላጅ፣ ለአጎት፣ ለታላቅ እህት የምለው ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፤ «እስቲ አሰማኝ» ማለት። ፊደል ያልቆጠረች እናት ልጇ «ቡና» ሲል ልክ መሆኑን ከፊደሉ ላይ አትፈትነውም፤ ቡናን ግን ታውቀዋለች፤ ጀበናዋን ጥዳ «እውነትም ቡና!» ልትለው ትችላለች። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ሊቅ ለሊቅ ብቻ አይደለም።

እንግዳው መጥቷል፤ አይመለስምም። ይግባ፤ ይቀመጥ፤ የያዘውን ያካፍል። ፊደሉን ሊያስለይልን ይችላል፤ በዚህ ላይ አንቅናበት። ለማስቆጠር ግን የቆጠረውን የሚሰማ ያስፈልጋል፤ እሱን ሥራ ለእንግዳ ሰጥቶ የሚወጣ ባለቤት እንግዳ የተቀበለ አይባልም፤ ቤቱን የለቀቀ ነው።